ፋብሪካው ጎንደርን አያውቃትም፦ ስለ አሮጌ መኪናዎች አነዳድና ጥገና የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጋራዥ ባለሙያዎች፣ ዛሬም መሪ የጨበጣችሁ ሹፌሮች፣ ሙያውን ገና የጀመራችሁ ልጆች፣ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ዕቃዎች እያነሳሁ ስለማሳያችሁ ከሩቅ መስማት ብቻውን አይበቃም።

እንድናገር የተጠየቅሁት በእኛ ወጣትነት ስለተነዱና ስለተጠገኑ መኪናዎች ነው። ሴቼንቶ፣ ሚሌቼንቶ፣ ቮልስ፣ ላንድሮቨር፣ ፔጆ 404፣ በኋላም ላዳ። ከጭነቶቹ ኤንትሬ ፊያት። ስማቸውን ስጠራ ፊት ለፊት የተቀመጡት ታላላቆቼ ፈገግ ሲሉ አያለሁ። እኔም እወዳቸዋለሁ። ዛሬ ግን መልካቸውንና ጥሩምባቸውን ትቼ፣ ጎንደር ላይ ምን ያማቸው እንደነበርና በምን ይድኑ እንደነበር ነው የምናገረው። አሁንም የሚነዱ ቮልሶች፣ ላዳዎችና ላንድሮቨሮች አሉ። እነሱን በትክክል የሚያስተካክል እጅ ግን እያነሰ ነው። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። የመኪናውን መጽሐፍ ስትከፍቱ ቁጥር በቁጥር ነው። ጂግለር፣ ቤንዚን የምትመጥነው ባለ ቀዳዳ ዕቃ፣ ይህን ያህል፤ እሳት ይህን ያህል ዲግሪ። ይህ ሁሉ የተለካው የት ነው? የፊያት ከተማ ቶሪኖ ከባሕር ጠለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ናት። የቮልስ ከተማ ቮልፍስቡርግ 100 ሜትር አትሞላም። ላዳ የሚሠራባት ቶልያቲም ዝቅተኛ ናት። ጎንደርስ? ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ደባርቅ ስትደርሱ 2,800 ሜትር ታልፋላችሁ። ከዚያ ሊማሊሞን ወርዳችሁ ዛሪማ ቆላ ትገባላችሁ። በአዘዞ፣ በአይከል አድርጋችሁ መተማ ብትወርዱ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ናችሁ። አንድ መኪና፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ዓይነት አየር! መጽሐፉን ጣሉት አልልም፤ የምትቆሙበትን ከፍታ እያሰባችሁ አንብቡት ነው የምለው።

አራት ነገር አነሳለሁ፦ ነዳጅና አየር፣ እሳት፣ ሙቀት፣ ፍሬን። ፍሬን ላይ እቆያለሁ፤ ነፍስ ያለው እዚያ ነውና።

አንደኛ፣ ነዳጅና አየር።

ጎንደር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። በግምት 10 በመቶ ያህል ቤንዚኑ ይበዛል። ምልክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወደ ጎሃ በሚወስደው ዳገት ላይ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ሚኒሞ ይንገዳገዳል፣ ቤንዚን ይሸታል፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ በደረቅ ጥላሸት ይሸፈናል። ብዙ ልጅ ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ካንዴላ ይቀይራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ይቀይራል። ለምን ጠቆረ? ብሎ ሳይጠይቅ የሰው ገንዘብ ያልቃል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ክፈቱ። በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ፣ ሞተር ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው ቾክ ተስቦ እንደመንዳት ነው። ቀጥሎ ቾኩ ራሱ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይናችሁ እዩ፤ ሽቦው ዝጎ ግማሽ ላይ ተይዞ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ። መርፌው ካልዘጋ ወይም ተንሳፋፊው ተቀዶ ቤንዚን ከገባበት ምንም ብታስተካክሉ አይረጋም፤ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅነቅ አድርጉት፣ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ተቀዷል። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ብቻ ወደ ጂግለር ሂዱ።

ይቺን ጂግለር ተመልከቱ፤ እየተቀባበላችሁ እዩዋት። 125 የሚል ተጽፎባታል። ቀዳዳዋ 1.25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለጎንደር 120 ይበቃታል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፣ ጥቁሩ ጭስ ግን ይቆማል። መለዋወጫ በጠፋበት ጊዜ ባለሙያዎቻችን ቀዳዳውን በብየዳ ደፍነው በ1.20 ሚሊ ሜትር መብሻ እንደገና ይበሱት ነበር። ይሠራል፣ እጅ ግን ይፈልጋል። በሽቦ መጎርጎር ግን አይቻልም! ጂግለር ሲደፈን በአየር ይነፋል። ሽቦ የገባበት ጂግለር ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቁጥሩ 120 ቢልም 120 አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ቁጥሩን አምኖ ሲደክም ይውላል።

ልኩ መምጣቱን በምን ታውቃላችሁ? ካንዴላው ይነግራችኋል። ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ውጡ። ጭነቱ እንዳለ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ካንዴላውን ፍቱ። ሚኒሞ ላይ ካቆያችሁት ንባቡ ይበላሻል። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ሆኖ ከተንጨረጨረ ቤንዚን አንሶታል። እርጥብና ቅባታም ጥቁር ከሆነ ግን ካርቡሬተሩን ተዉት፤ ዘይት እየወጣ ነው፣ ጉዳዩ የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ነው። መልሳችሁ ስትገጥሙ ክፍተቱን 0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር አድርጉ።

እዚህ ላይ ሹፌሮች ልብ በሉ። ለጎንደር በ120 የተስተካከለ መኪና መተማ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ የጋለ ሞተር ደግሞ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ያቃጥላል። ስለዚህ ቆላ የሚከርም ሰው 125ቷን በወረቀት ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ይያዝ፣ ሲወርድ ይቀይራት። የ10 ደቂቃ ሥራ ናት።

መተማን ካነሳሁ ስለ ቆላው ሌላ ነገር ልጨምር። መኪናው ደህና ሲሄድ ቆይቶ ሻይ ለመጠጣት ሲቆም፣ ከዚያ በኋላ አልነሳም ይላል። ባትሪ አለ፣ እሳት አለ፣ ቤንዚን በጋኑ ሞልቷል። ምን ሆነ? ቤንዚኑ ወደ ካርቡሬተሩ በሚገፋው ፖምፓ ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል፤ ፖምፓ ደግሞ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት አይገፋም። የድሮ ሹፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጠምጥመው 15 ደቂቃ ይጠብቁ ነበር። ትክክል ናቸው። ግን ለምን ይፈላል? ብዙ ጊዜ ሁለት ምክንያት አለ። አንዱ የቤንዚን ቱቦው ከማርሚታው ተጠግቶ ማለፉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፖምፓው ሲፈታ በሞተሩና በፖምፓው መካከል ያለችው ወፍራም ጥቁር ማገጃ ጠፍታ በቀጭን ወረቀት መተካቷ ነው። ያቺ ማገጃ ሙቀት እንዳይተላለፍ የተቀመጠች ናት። አትጣሏት።

ሁለተኛ፣ እሳት።

እነዚህ መኪናዎች ኮምፒውተር የላቸውም። እሳታቸው በፑንቲና ነው። ፑንቲና ሁለት ትናንሽ የብረት ገጾች ናቸው፤ ሲገጥሙ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ቦቢና ይሞላል፣ ሲለያዩ ካንዴላው ላይ እሳት ይዘላል። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚለያዩባት ቅጽበት ላይ ነው።

ክፍተቱ ለቮልስ፣ ለላዳ፣ ለላንድሮቨርም 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፑንቲናው የተቀመጠበትን፣ እሳቱን ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር ክፈቱ፣ የፑንቲናው ተረከዝ ካሙ ጫፍ ላይ እስኪወጣ ሞተሩን በእጅ አዙሩ፣ ክፍተት የሚለካውን ስስ ብረት፣ ፊለር ጌጅ፣ አስገቡ። ሲሳብ ቀለል ያለ መያዝ ሊኖረው ይገባል። ቪሱን አጥብቃችሁ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ መንሸራተት አመሉ ነው። ካሙ ላይ የሩዝ ፍሬ የማታክል ግሪስ ቀቡ። ካልቀባችሁ ተረከዙ ይበላል፣ ተረከዙ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል። ዳገት እምቢ የሚል፣ የሚግል፣ ግን ምንም ያልተሰበረበት መኪና ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ብዙዎች የሚዘነጉትን ልንገራችሁ፦ ክፍተቱን በነካችሁ ቁጥር ጊዜውም ተነክቷል። ሁልጊዜ! ስለዚህ ቀጥሎ እሳቱን አስተካክሉ። አንድ ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል፣ ሁለት ሽቦ ይበቃል። አንዱን ሽቦ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢውተር በሚሄደው ጫፍ ላይ እሰሩ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር። የመጀመሪያው ሲሊንደር በመጭመቅ ላይ ሆኖ የፑሊው ምልክት ቦታው ላይ እስኪመጣ ሞተሩን በእጅ አዙሩ። ቁልፉን ክፈቱ። ዲስትሪቢውተሩን አላልታችሁ በቀስታ አዙሩ፤ አምፖሉ የበራባት ቅጽበት ፑንቲናው የተከፈተባት ናት። እዚያው ላይ አጥብቁ። አለቀ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1967 በፊት የተሠራ ቮልስ ከሆነ ግን ባትሪው 6 ቮልት ሊሆን ስለሚችል አምፖሉም 6 ቮልት ይሁን።

ከፍታው እዚህም ይገባል። ሲሊንደር ውስጥ የሚጨመቀው አየር ስለሚያንስ ጎንደር ላይ እሳቱን ከመጽሐፉ 2 ወይም 3 ዲግሪ ብታስቀድሙት ሞተሩ አያንኳኳም፣ ጉልበትም ይጨምራል። ቆላ ስትወርዱ ግን ነዳጅ ስትረግጡ ማንኳኳት ከጀመረ ወዲያው መልሱት። የሚያንኳኳ ሞተር ፒስተን ይበሳል።

ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀውን ኮንደንሰር በአጭሩ። ቀዝቅዞ የሚሠራ፣ ሲግል የሚንተባተብ፣ ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ የሚጎደጉድ መኪና ኮንደንሰሩ ደክሟል። መለኪያ ከሌላችሁ ደህና መሆኑን የምታውቁትን ገጥማችሁ ሞክሩ።

ሞተር በእጅ የሚነሳበትን ማኖቬላ ሳልናገር አላልፍም፤ ላንድሮቨርና ላዳ ይዘውት ይመጣሉና። አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርጉ፣ አትጨብጡት። ከታች ወደ ላይ ሳቡ፣ ከላይ ወደ ታች አትግፉ። እሳቱ በጣም ከቀደመ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ አውራ ጣት የሚሰበረው ያኔ ነው። በግፊ ስታስነሱም በአንደኛ ሳይሆን በሁለተኛ ማርሽ ይሁን፤ በአንደኛ ጎማው ይንሸራተታል፣ ካምቢዮውም ይመታል።

ሦስተኛ፣ ሙቀት።

ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ጎንደር ላይ በ93 ገደማ፣ ደባርቅ ላይ በ90 ወይም 91። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው ክዳኑ ነው። ግማሽ ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ደባርቅ ላይ መፍላቱን ወደ 105 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይይዝም። ታዲያ መኪናው ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲወጣ ይፈላል፣ ራዲያተሩ ይወቀሳል፣ ይፈታል፣ ይታጠባል፤ አሁንም ይፈላል። ጎበዝ፣ ለምን? በሉ! ክዳኑን ገልብጣችሁ ላስቲኩን እዩ።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ቴርሞስታት፣ ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን፣ አውልቆ መጣል ነው። «እንዳይፈላ» ይባላል። ቴርሞስታት 80 ዲግሪ ገደማ ላይ ይከፈታል፤ ተበላሽቶ የማይከፈት ከሆነ በአዲስ ይተካ። ያለ ቴርሞስታት ጎንደር ጠዋት ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን ወደ ዘይቱ ያወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፋሻውና ሲሊንደሩ ይበላላሉ። መፍላቱ ለአንድ ቀን ይቀር ይሆናል፤ የሞተሩ ዕድሜ ግን ያጥራል።

ቮልስ ውሃ የለውምና «አይፈላም» ብለው የሚዝናኑበት አሉ። ቮልስ አይፈላም፤ ይቃጠላል። የሚያቀዘቅዘው አየርና 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። የዘይት ፊልተር የለውም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ዘይት ይቀየር፣ ወንፊቱ ይታጠብ። ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው። ቀዩ መብራት መንገድ ላይ ከበራ ብዙ ሹፌር «ባትሪ አልሞላም፣ ከተማ ደርሼ አየዋለሁ» ይላል። አይቻልም! ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ነገር የለም። እዚያው ቁሙ። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይግባ፤ ከላላ በፑሊው ሁለት ግማሾች መካከል ካሉት ቀለበቶች አንዱን አውጥታችሁ ከውጭ በኩል አስቀምጡት።

የሞተሩ ዙሪያ ላይ ያሉትን ላሜራዎችና ላስቲኮች ደግሞ አትጣሉ፣ እለምናችኋለሁ። ሞተር ወርዶ ሲመለስ «ትርፍ» ተብለው ጥግ ላይ ሲወረወሩ ይታያል። እነሱ ከሌሉ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል። ከሁሉም የሚጎዳው 3ኛው ሲሊንደር ነው፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የዚያን ሲሊንደር አየር መንገድ ላይ ተቀምጧልና። የቫልቭ ክፍተት ስታስተካክሉ ሞተሩ ፈጽሞ የቀዘቀዘ ይሁን፣ በአንድ ሺህ ስድስት መቶው ሞተር 0.15 ሚሊ ሜትር። የ3ኛው ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ካገኛችሁት ቫልቩ እየተለጠጠ ወይም እየሰመጠ ነውና የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ሳይቆይ ይውረድ።

አራተኛ፣ ፍሬን።

ከደባርቅ ሊማሊሞን ስትወርዱ፣ በጣሊያን ጊዜ ተራራው ላይ የተቀየሰው ያ መንገድ መታጠፊያው አያልቅም። የድሮ ሹፌሮች ሕግ ነበራቸው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሁለተኛ ማርሽ ያወጣህን ዳገት በሁለተኛ ውረደው። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ ዜሮ አድርጎ፣ ይባስ ብሎ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ሰው ነበር፤ አሁንም አለ። ሞተሩ ካልያዘ ጭነቱን ሁሉ የሚይዘው ፍሬኑ ነው። በኤንትሬና በመሰሎቹ የአየር ፍሬን ባላቸው መኪናዎች ደግሞ ሞተር ሲጠፋ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ይቆማል፤ በጋኑ ያለው አየር ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል።

ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ ሲግል ይሰፋል፣ ከበሮውን እየተጫነ የሚይዘው ሸራ ይርቀዋል፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል። ሸራው ራሱ ሲግል መያዝ ያቆማል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አፍንጫችሁን ሲነካው ዘግይታችኋል፤ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ረዳቱ ታኮ ያግባ፣ ጎማውን ወደ ተራራው አዙሩ። ከበሮው ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ይሰነጠቃል። በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

ከዚያ የሚመጣው ፈሳሹ ነው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ የፍሬን ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። ግን ከአየር እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ሊማሊሞ ላይ 140 ዲግሪ ሩቅ አይደለም። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ እግራችሁ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ይቀጥላል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ ይጣል። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ እዚያ አይግባ፤ የፍሬኑ ፖምፓ ላስቲኮች፣ ጎሚኒዎቹ፣ ያብጡና ፍሬኑ ይነክሳል፣ ወይም ጨርሶ ይሞታል። ጎሚኒ በቤንዚንና በናፍጣ አይታጠብም። በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ይታጠባል።

ላዳና ፊያት 124 ዘመዳሞች ናቸውና ዕቃ ማለዋወጥ የለመዳችሁ እዚህ ተጠንቀቁ። ፊያቱ ከኋላም ዲስክ ነው፤ ላዳው ከኋላ ከበሮ ነው። የአንዱን የኋላ ፍሬን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ።

ከፍሬን መስመር አየር ማውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከዋናው የፍሬን ፖምፓ በጣም ከራቀው ጎማ ጀምሩ፤ መሪው በግራ በሆነ መኪና የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ኢትዮጵያ በቀኝ መንዳት ከጀመረችበት ከ1956 ዓ.ም. በፊት የገቡ፣ መሪያቸው በቀኝ የሆነ ላንድሮቨሮች ከገጠማችሁ የኋላ ግራ ይቅደም። የማውጫው ጫፍ ላይ ቀጭን ላስቲክ አግቡ፣ ሌላውን ጫፍ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ። ላይ ያለው ሰው ሦስት ጊዜ ረግጦ በመጨረሻው ይዞ ይቆይ፣ «ያዝሁ» ይበል። ታች ያለው ግማሽ ዙር ይክፈት፣ አረፋው ይውጣ፣ ይዝጋ፣ «ልቀቅ» ይበል። ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ከ5 ወይም ከ6 ዙር በኋላ የፍሬን ዘይቱን ገንቦ ሙሉ፤ ባዶ ከሆነ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። አረፋ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሲጠናቀቅ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ከላይ ሊቆም ይገባል። እንደ ስፖንጅ ከሆነ አላለቀም፤ እንደገና ጀምሩ፣ ባለቤቱ ቸኩያለሁ ቢልም ቁልፉን አትስጡት።

ስለ ፍሪሲዮን ሰፊ ነገር ለማንሳት ጊዜው አይበቃም። አንድ ብቻ፦ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥላችሁ አትቁሙ፣ በእጅ ፍሬን ያዙት።

እስካሁን በትዕግሥት ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ወጣቶች ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ወደ ጠረጴዛው ኑ። ይህ ዲስትሪቢውተር ክፍተቱ ሆን ተብሎ ተበላሽቷል፣ ፊለር ጌጁና አምፖሉ አጠገቡ አሉ። አንዳችሁ ክፍተቱን ያስተካክል፣ አንዳችሁ አምፖሉን ይሰር። ታላላቆቼ ደግሞ ሲሳሳቱ አርሟቸው፤ እኔም ጥያቄ እየመለስሁ እዚሁ አለሁ።